ኖም (የማግኔቶሜትሮች መረብ)

ኖም ጨለማ ቁስን ለመፈለግ በተለያዩ አገሮች የተተከሉ የአቶም ማግኔቶሜትሮች ዓለም አቀፍ መረብ ነው። ጣቢያዎቹ ከሚገኙባቸው ከተሞች መካከል ማይንዝ (ጀርመን)፣ ክራኮቭ (ፖላንድ)፣ በርክሊ (አሜሪካ) እና ቤይጂንግ (ቻይና) ይጠቀሳሉ። ጨለማ ቁስ ብርሃን ስለማያመነጭና ስለማያንጸባርቅ በቴሌስኮፕ አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው በስበቱ ነው። በዩኒቨርስ ካለው ቁስ 85 ከመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ቢገመትም ከምን እንደተሠራ አልታወቀም።

የሚፈለገው ነገር

ከመላምቶቹ አንዱ አክሲዮን የተባለ እጅግ ቀላል ቅንጣት ነው። ቃሉ ከንግድ አክሲዮን ጋር አይገናኝም፤ ፊዚሲስቱ ፍራንክ ዊልቼክ ስያሜውን የወሰደው ከአንድ የልብስ ሳሙና ስም ነው። አክሲዮንን የሚመስሉ ቅንጣቶች መስክ ጠፈርን እንደ ግድግዳ የሚከፍሉ ንጣፎችን ሊሠራ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ምድር እንዲህ ያለውን ግድግዳ ሰንጥቃ ስታልፍ የአቶሞች ስፒን ለአጭር ጊዜ ይነካል። ስፒን ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን የኮምፓስ መርፌዎች የሚያደርጋቸው የተፈጥሮ ባሕርይ ነው።

አሠራር

የመሣሪያው ዋና ክፍል የሩቢዲየም ወይም የሲዚየም ተን የያዘ የመስታወት ዕቃ ነው። የሌዘር ብርሃን የአቶሞቹን ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋል። ስፒኖቹ በመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲገኙ ሊወድቅ እንደተቃረበ እሾሪት ዘንጋቸውን ያዞራሉ፤ የዙሩ ፍጥነትም የመስኩን ጥንካሬ ይገልጻል። የምድር መስክና የኤሌክትሪክ መስመሮች ሁከት ልኬቱን እንዳያበላሹ ዕቃው በበርካታ ንብርብር የብረት ቅይጥ ይሸፈናል። ግድግዳው ግን በአቶሙ አስኳል ስፒን ላይ በቀጥታ ስለሚሠራ ሽፋኑ አያግደውም ተብሎ ይጠበቃል።

መረብ ያስፈለገበት ምክንያት

አንድ መሣሪያ ብቻውን ሊታመን አይችልም፤ የሌዘር መዋዠቅ ወይም የሕንፃ ንዝረት እውነተኛ ምልክት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የጣቢያዎቹ ሰዓት በጂፒኤስ ሳተላይቶች ይስተካከላል። ለምሳሌ አንድ ግድግዳ በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላትን ምድር ለማቋረጥ 40 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ምልክቱም በጣቢያዎቹ በተራ መታየት አለበት፤ ተራውን ያልጠበቀ ምልክት ውድቅ ይደረጋል።

ውጤት

በ2017 እ.ኤ.አ. ለአንድ ወር ገደማ የተሰበሰበው መረጃ ተተንትኖ በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር ፊዚክስ መጽሔት ታትሟል። አስተማማኝ ምልክት አልተገኘም። ይህ ጨለማ ቁስ የለም ማለት አይደለም፤ ምድርን ደጋግመው የሚያቋርጡና ስፒንን አጥብቀው የሚነኩ ግድግዳዎችን ግን ከመላምቶቹ ዝርዝር አስወጥቷል። ግድግዳዎቹ ብርቅ ከሆኑ ወይም ተጽዕኗቸው ደካማ ከሆነ ፍለጋው ረዘም ያለ ጊዜና ይበልጥ ስሱ መሣሪያ ይጠይቃል። ለዚህም የኖብል ጋዞችን አስኳል ስፒን የሚጠቀሙ ማግኔቶሜትሮች ታቅደዋል።