የሐይቅ ዳር መሬት ባዶ መሬት አይደለም

ሐይቅ ይሞታል ወይ? አዎን፣ ይሞታል። ሞቶስ ይነሣል ወይ? አንዳንዴ ይነሣል። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ ሁለቱም ደርሶበታል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ሐይቅና በዳሩ ስላለው መሬት ነው። ነገሩ የሐሮማያን ሰው ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአጠገቡ ሐይቅ፣ ኩሬ ወይም ግድብ ያለውን ከተማ ሁሉ ይመለከታል። የሕዝብ የሆነ የውሃ ዳር መሬት ነገ ለምን ይዋል? ማን ይወስን? መቼ ይወሰን? ጥያቄያችን ይኸ ነው።

ሐይቁ እንዴት ደረቀ?

ሐሮማያ ቀድሞ ዓለማያ ይባል ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ደጋማ ከተማ ነው። ቀድሞ የእርሻ ኮሌጅ የነበረው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ትምህርት ቤትም በዚያው አጠገብ ነው።

ሐይቁ በአንድ ቀን አልደረቀም። ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነበር። የሐሮማያ ሰውም ከዚሁ ይቀዳ ነበር። ገበሬው በሞተር ፓምፕ እየሳበ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑንና ጫቱን ያጠጣ ነበር። ከብቱ ይጠጣል፤ ልብሱ ይታጠባል። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ደግሞ ዛፋቸው ተመንጥሯል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህ አፈር ደለል ይባላል። ደለሉ ሐይቁን ከታች ይሞላል፤ ፓምፑ ከላይ ይስባል። ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች።

የፀሐይን ድርሻ በቁጥር እንየው። 1 ሄክታር ማለት 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ከ1 ሄክታር ውሃ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን፣ 10,000 ሊትር ውሃ ሄደ ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ስንቆጥረው 500 ጀሪካን ይሆናል። ሐይቁ ጥልቅ ሲሆን ይኸ ብዙም አይታወቅም። በደለል ተሞልቶ ጥልቀቱ ሲያንስ ግን፣ ፀሐይ የምትወስደው ካለው ውሃ ትልቁ እጅ ይሆናል።

እንዲህ እንዲህ እያለ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ። ውሃ የነበረበት ቦታ ሜዳ ሆነ። ሐረር ከተማም ተጠማች። በኋላ የሐረር ውሃ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች መምጣት ጀመረ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ላይ ናት። ሐረር ግን 1900 ሜትር ያህል ላይ ናት። ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም። በፓምፕ ይገፋል፤ ፓምፑም ገንዘብ ይበላል። በአጠገብ የነበረ ውሃ ሲጠፋ ዋጋው ይኸን ያህል ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው? እስቲ ልብ ብለን እንየው። ሐይቁን ላድርቀው ብሎ የተነሣ ማንም የለም። እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው። ሁሉም ለልጆቹ ሲል ነው የወሰደው። ጥቂቱ ከጥቂት ተደምሮ ሐይቅ ጨረሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እዚህ ግን እያሳሳቀ የተወሰደው ውሃው ራሱ ነው።

ውሃ ሲሸሽ መሬት ይወጣል

የሐይቅ ዳር ብዙ ጊዜ ዝርግ ነው። በ50 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ዳር አለ እንበል። ውሃው 1 ሜትር ሲወርድ ዳሩ 50 ሜትር ይሸሻል። የዳሩ ርዝመት 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 50 ሲባዛ በ1000፣ 50,000 ካሬ ሜትር ነው። ይኸም 5 ሄክታር ማለት ነው።

እሺ፣ 5 ሄክታር ጥቁር አፈር ከውሃ ወጣ። ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ድንበር የለው፣ ደብተር የለው። ታዲያ የማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ መሬቱ ቀድሞ ላረሰው ይሆናል። ወይም ቀድሞ ላጠረው ይሆናል።

በሐሮማያ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሃው ሲሸሽ እርሻው ተከተለው። በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ በፓምፕ ተሳበ።

ነገር ግን ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ደስ የሚል ነገር ታየ። ውሃው ተመለሰ። ሕዝቡና ባለሙያዎች በተራሮቹ ላይ እርከን ሠርተው፣ ዛፍ ተክለው፣ ቦታውን ከከብት ከልለው ነበር። የሐረር ከተማ ፓምፕም ከቆመ ቆይቷል። ጥሩ ዝናብም ረዳ። አዎን፣ ሐይቁ ተነሣ።

ውሃው የተመለሰው ወዴት ነው? ወደ ቀድሞ ቦታው ነው። ውሃ ቦታውን ያውቃል። ያ ቦታ ግን በመካከሉ የሰው ማሳ ሆኖ ነበር። ለሐይቁ ደስታ የሆነው ነገር፣ ማሳው ለተጥለቀለቀበት ቤተሰብ ሐዘን ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አስቀድሞ ቢታቀድ ኖሮ ግን ይኸ ሐዘን ባልመጣ ነበር። የሐይቅ ዳር መሬት ባዶ መሬት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ውሃው ለጊዜው የለቀቀው የራሱ ጓሮ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ስለ መሬት ይናገራል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ስለ አካባቢ ጥበቃ ነው። ሕዝብን የሚነካ የአካባቢ ሥራ ሲታቀድ፣ ሕዝቡ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ ግን የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የዜጎችም ነው።

ከተሞችን በሚመለከት በ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ወጥቷል። ፕላን ማለት የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል በካርታና በጽሑፍ የሚያሳይ ውሳኔ ነው። አዋጁ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲሳተፍበት ይፈልጋል። ስለዚህ «መሬቱ የከተማው ነው» ሲባል፣ «እናንተን አይመለከትም» ማለት አይደለም። ከተማው እናንተ ናችሁ።

ፕላን በአንድነት እንዴት ይወጣል?

አንደኛ፣ በእግር ዙሩት። ከወንበር ላይ ሆኖ ውሃ ዳር አይታይም። ሁለት ጊዜ መዞር ይሻላል። አንዱን ክረምቱ እንደወጣ፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ፤ ሌላውን በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው ጎድሎ ሳለ። ሽማግሌዎች አብረው ይሂዱ። «በኔ ዕድሜ ውሃው እስከዚህ ዛፍ ድረስ ደርሷል» የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እዚያ ድንጋይ ይተከል። ከዚያ ድንጋይ በታች ያለው ሁሉ የውሃው ነው።

ሁለተኛ፣ ተጠቃሚውን ሁሉ ቁጠሩ። ገበሬው አለ፤ ከብት ጠባቂው አለ፤ ውሃ ቀጂዋ አለች፤ መኪና አጣቢው አለ፤ ሆቴል ልሥራ ባዩም አለ። ስብሰባ ላይ የሚመጣው ግን ሁሉም አይደለም። ውሃ የምትቀዳው እናት በስብሰባው ሰዓት ውሃ ትቀዳለች። ከብት ጠባቂው ልጅ ከከብቱ ጋር ነው። ስለዚህ ስብሰባው በገበያ ቀንና በውሃ መቅጃ ሰዓት አይሁን። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋም ይሁን። በሐሮማያ ኦሮምኛ ሊቀር አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዳሩን በየሥራው ክፈሉት። ከውሃው ቀጥሎ ያለው ቦታ ለሣርና ለቁጥቋጦ ይተው። ሣሩ ታጥቦ የሚመጣውን አፈር ይይዛል፤ ሐይቁም በደለል አይሞላም። ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይሆናል፤ ስለዚህ መሬቱ ሥራ ፈቷል አይባልም። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ከዳር ይራቅ። ከብቱ እንደልቡ ገብቶ እንዳያደፈርስ፣ ከዳር ራቅ ብሎ ገንዳ ይሠራለት። መኪና ማጠቢያና መጸዳጃ ቤት ከውሃው ይራቁ። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ሽማግሌ የሚያርፍበት ጥላም ይኑር። ሆቴል ቢሠራም በዳሩ የሚያልፈው የእግር መንገድ ለሁሉም ክፍት ይሁን።

አራተኛ፣ ፓምፑን ቁጠሩ። ስንት ፓምፕ አለ? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ይህ ሳይታወቅ ስለ ዳሩ ብቻ ማውራት፣ ማድጋው እየፈሰሰ አፉን እንደመክደን ነው። ተራ ይውጣ። ውሃው ከተተከለው ምልክት በታች ሲወርድ ፓምፕ የሚቆምበት ደንብ ይኑር።

አምስተኛ፣ ተራራውን አትርሱ። የሐይቁ ጤና የሚጀምረው ከላይ ነው። እርከኑ ከፈረሰ፣ ከታች የተተወው ሣር ብቻውን ደለሉን አይችለውም።

የሚጎዳው ማን ነው?

ይኸን ጥያቄ የማይጠይቅ ፕላን ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቼ፣ ሐይቁን እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን የምበላው ከዚያች ማሳ ነው» ቢሉ፣ መልሱ ጭብጨባ አይደለም። መልሱ ሥራ ነው።

መሬት በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እንዲለቅ ቢደረግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይገባዋል። ያለ ደብተር ያረሰውም ቢሆን ሆድ አለው። ሣሩን የማጨድ ቅድሚያ ለእሱ ቢሰጥስ? ችግኝ ጣቢያ ላይ ቢቀጠርስ? በዳሩ ለሚሠራው ጥበቃ ደመወዝ ቢከፈለውስ? ከማሳው ተነሥቶ ሌላ እንጀራ ያላገኘ ሰው፣ በሌሊት ተመልሶ ያርሳል። አይፈረድበትም። ሆቴል ልሥራ የሚለው ባለገንዘብ ቶሎ ይሰማል፤ ባለ አንድ ማሳው ግን እንዲሰማ ሌላው ሊያግዘው ይገባል።

ወረቀቱን አንብቡ

ማንበብ የተማራችሁ ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ሥራ አላችሁ። ስብሰባ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ማለት የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ያልተባለ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ተናገሩ። የተባለ ነገር ቀርቶ እንደሆነ «ይጨመር» በሉ። ቀን አለው ወይ? ካርታው ተያይዟል ወይ? ድንጋዩ የተተከለበት ቦታ ተጽፏል ወይ? ፕላኑ እንደገና የሚታይበት ዓመት ተጽፏል ወይ?

ከዚያ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ላልቻለው ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ ሹም ሲለወጥም ይለወጣል። የተጻፈና ብዙ ሰው ያነበበው ነገር ግን በቀላሉ አይጠፋም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ እናቶቻችን። ስለ ውሃ ዳር መሬት የሚመከረው ውሃው ሳለ ነው። ሐሮማያ ሁለተኛ ዕድል አግኝቷል። የሞተ ሐይቅ ሁሉ ግን አይነሣም።

በንባብ ሰዓት የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. በከተማችሁ አጠገብ ያለው ውሃ በአባቶቻችሁ ዘመን እስከ የት ይደርስ ነበር? ዛሬስ?

2. ከዳሩ መሬት የሚጠቀሙት እነማን ናቸው? ስብሰባ ላይ የማይመጡትስ?

3. የዳሩ 20 ሜትር ለሣር ቢተውና የዳሩ ርዝመት 500 ሜትር ቢሆን፣ ስንት ሄክታር ይሆናል? አስሉት። ከዚያም የሚጎዳ ሰው ካለ፣ በምን እንደሚካስ ተማከሩ።