በባሕር ዳር ለመታከም ሲያስቡ ማወቅ የሚገባዎት

ከወረዳ ወደ ባሕር ዳር ለሕክምና የሚመጡ ብዙ ሰዎች ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሕመሙ ድንገተኛ ካልሆነ ግን ይህ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ቢሆኑም እንኳ ያለ ሪፈር ሲታከሙ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ።

የሕክምና ደረጃዎች

የአገራችን የጤና አገልግሎት ሦስት ደረጃዎች አሉት፦

• የመጀመሪያው፦ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ እና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል
• ሁለተኛው፦ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ጠቅላላ ሆስፒታል
• ሦስተኛው፦ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል

በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ሰው ሁሉ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ከሄደ ወረፋው ይረዝማል፤ በጠና የታመመውም ይዘገያል።

በከተማዋ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ይገኛል። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ደግሞ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከከተማዋ መሀል ወጣ ብሎ በአዴት መውጫ ነው። ሁለቱም ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚያክሙባቸው የሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው። አዲስ ዓለም ሆስፒታል የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሎቹ ስለሚራራቁ ሪፈሩ ወደየትኛው እንደተጻፈ ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ሲመጡ ምን ይያዙ?

• የሪፈር ወረቀት
• ለዓመቱ የታደሰ የጤና መድን መታወቂያ
• የቀድሞ የላቦራቶሪ፣ የራጅና የአልትራሳውንድ ውጤቶች
• የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው

ሪፈር የማይጠበቀው መቼ ነው?

ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም መፍሰስ፣ የመተንፈስ ችግር፣ የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ጎን አካል በድንገት መስነፍ፣ በእርግዝና ወቅት ደም መፍሰስ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከብዥታ ጋር ካጋጠመ ሪፈር አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ወዲያውኑ ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው።

ከሕክምና በኋላ

ሐኪሙ ለላከዎት ጤና ተቋም የሪፈር ምላሽ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። የደም ግፊት፣ የስኳር እና መሰል ሕመሞች ክትትል ብዙውን ጊዜ በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ይህ ወረቀት በየጊዜው ወደ ከተማ ከመመላለስ ያድንዎታል።