ስብ የሚያቃጥል ስብ

ቡናማ ስብ ሙቀት ለማመንጨት የተሠራ የሰውነት ክፍል ነው። ስሙን ከተራው ስብ ጋር ቢጋራም ሥራው የዚያ ተቃራኒ ነው። በሆድ፣ በዳሌና በጭን የሚጠራቀመው ነጭ ስብ ከምግብ የተረፈውን ኃይል ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ ቡናማው ያንኑ ኃይል ወስዶ ያቃጥላል። በማይክሮስኮፕ ለሚያያቸው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የነጭ ስብ ሕዋስ ከሞላ ጎደል አንድ ትልቅ የስብ ጠብታ ሲሆን የቀረው አካሉ ዳር ላይ ተጨፍልቆ ይታያል። ቡናማው ሕዋስ ግን ስቡን በብዙ ትናንሽ ጠብታዎች በትኖ ይይዛል፤ በጠብታዎቹ መካከል ደግሞ ኃይል አምራቾቹ ሚቶኮንድሪያዎች ታጭቀዋል። ቀለሙን የሰጠው በሚቶኮንድሪያዎቹ ውስጥ ያለው ብረት አዘል ፕሮቲንና በዙሪያው የተዘረጋው የደም ሥር ብዛት ነው።

የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1551 ስለዚህ ስብ ጽፏል። በአልፕስ ተራሮች የሚኖረውን፣ የብርዱን ወራት ተኝቶ የሚያሳልፈውን ማርሞት ሲገልጽ፣ በእንስሳው ትከሻዎች መካከል ያገኘው ነገር ስብም ሥጋም አለመሆኑን መዘገበ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን እንደ እንቅልፍ ዕጢ ሲቆጠር ኖረ። የማሞቂያነት ሥራው በሚገባ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲበርደው እንደ አዋቂ አይንቀጠቀጥም። የገላው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል፤ ከማሕፀን ወጥቶ እርጥብ ገላውን አየር ሲነካው ደግሞ ይብሳል። በዚህ ጊዜ የሚደርስለት በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ያለው ቡናማ ስብ ነው። ይህ ስብ በብዛት የሚጠራቀመው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በመሆኑ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ስንቃቸው ጥቂት ነው። ሕፃኑን እንደተወለደ ማድረቅ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ገላውን አለማጠብ፣ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ማቆየት አጥብቆ የሚመከረውም ይህን ሙቀት ለመቆጠብ ነው።

ሙቀቱ የሚፈጠረው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ የመጣውን ነዳጅ በኦክስጅን ሲያቃጥል ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋኑ ባሻገር እየገፋ ያጠራቅማል። ነገሩ ከኃይል ማመንጫ ግድብ ጋር ይመሳሰላል፤ ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመ ውኃ በተርባይን በኩል ሲወርድ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ፕሮቶኖቹም ተመልሰው ሲገቡ ሕዋሱ ለሥራው የሚያውለውን ኤቲፒ ያስገኛሉ። ቡናማ ስብ ግን በሽፋኑ ላይ ማስተንፈሻ አለው፤ እሱም ዩሲፒ-1 የተባለው ፕሮቲን ነው። ማስተንፈሻው ሲከፈት ፕሮቶኖቹ ተርባይኑን ሳይነኩ ይፈስሳሉ፤ ኤቲፒ የሚሆነው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሚቶኮንድሪያውም የጎደለውን ለመተካት ነዳጅ ማቃጠሉን ያፋጥናል። ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ሕዋሱ ስንቁን በከንቱ በጨረሰ ነበር። ስለዚህ በአዘቦቱ ኤቲፒና መሰሎቹ ዘግተው ይይዙታል። የሚከፍተው ከጠብታዎቹ የሚለቀቀው የስብ አሲድ ነው፤ ቁልፉም ነዳጁም አንድ ነገር መሆኑ ከዚህ ሥርዓት ሁሉ የሚያስደንቀው ነው።

ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው። ቆዳ ላይ ያሉ ነርቮች ብርዱን ያነባሉ፤ መልእክቱ በኅብለ ሰረሰር ወጥቶ ሃይፖታላመስ ይደርሳል። የሃይፖታላመስ የፊተኛው ክፍል የቆዳንና የውስጥ አካልን ሙቀት እያመዛዘነ ቡናማውን ስብ አፍኖ ይይዛል፤ ብርድ ሲመጣ አፈናው ይላላል። ከዚያ ትእዛዙ በአንጎል ግንድ በኩል ወርዶ በሲምፓቴቲክ ነርቮች ስቡ ዘንድ ይደርሳል። የነርቮቹ ጫፎች የሚለቁት ኖርአድሬናሊን በሕዋሶቹ ላይ ካሉት ቤታ ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ በውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክተኛ ይጨምራል፤ ጠብታዎቹን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ይነሣሉ፤ የስብ አሲድ ይለቀቃል፤ ማስተንፈሻው ይከፈታል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ብርዱ ለሳምንታት ከቀጠለ ደግሞ ሕዋሶቹ ዩሲፒ-1 እና ሚቶኮንድሪያ ይጨምራሉ፣ አዳዲስ ሕዋሶችም ይፈጠራሉ። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ወደ ቡናማው ስብ የሚሄደው ነርቭ ሲቆረጥ ሕብረ ሕዋሱ ቀስ በቀስ ወደ ነጭነት ይቀየራል።

የታይሮይድ ዕጢም ድርሻ አለው። ዕጢው በአብዛኛው የሚያመነጨው ቲ-4 የተባለውን ደካማ ሆርሞን ሲሆን፣ ቡናማው ሕዋስ በራሱ ኢንዛይም ወደ ኃይለኛው ቲ-3 ይለውጠዋል። ለደም ሳይተርፍ እዚያው በቦታው መለወጡ ሌላውን አካል ሳይረብሽ ማሞቂያውን ብቻ ለማጠናከር ያስችለዋል።

ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ሕዋስም አለ። በነጭ ስብ መካከል ተበታትነው የሚገኙ፣ ብርድ ሲበረታ ዩሲፒ-1 የሚያመርቱ፣ ሙቀት ሲመለስ ነጭ መስለው የሚኖሩ ሕዋሶች ናቸው፤ ቤዥ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ይባላሉ። ዋናው ቡናማ ሕዋስ ግን የትውልድ ሐረጉ ከነጭ ስብ ይልቅ ወደ ጡንቻ ይቀርባል። በቦስተን የተመራማሪው ብሩስ ስፒግልማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳየው፣ ፒአርዲኤም-16 የተባለው ፕሮቲን ከቡናማ ስብ ጀማሪ ሕዋሶች ሲወገድ ሕዋሶቹ ጡንቻ ወደ መሆን ያዘነብላሉ።

አዋቂ ሰው ቡናማ ስብ የለውም የሚለው እምነት የፈረሰው በካንሰር ምርመራ ክፍሎች ነው። የፔት ምርመራ ለታካሚው ጨረር አመንጪ ስኳር ከተሰጠ በኋላ ስኳሩን አብዝቶ የሚወስደውን ቦታ በምስል ያሳያል፤ ዕጢ ካለ ደምቆ ይታያል። ሐኪሞች ግን በአንዳንድ ታካሚዎች አንገት ግርጌ ግራና ቀኝ እኩል የሚደምቅ፣ ዕጢ ያልሆነ ነገር ያገኙ ነበር። ታካሚውን ሲያሞቁት ድምቀቱ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከቦስተን፣ ከኔዘርላንድስ ማስትሪኽትና ከፊንላንድ ቱርኩ የወጡ ሦስት ጥናቶች ይህ ቡናማ ስብ መሆኑን አረጋገጡ። የቦስተኑ ጥናት ለሌላ ምክንያት የተነሡ የ1,972 ሰዎችን ምስሎች መርምሮ ከሴቶቹ 7.5 በመቶ፣ ከወንዶቹ 3.1 በመቶ ላይ አገኘው። በማስትሪኽት ግን 24 ወጣት ወንዶች 16 ዲግሪ ባለበት ክፍል ሲቆዩ በ23ቱ ላይ ታየ። የቁጥሮቹ መራራቅ የሚነግረው ነገር አለ፤ ስቡ ካልበረደው አይታይም። ወፍራም ሰዎችና አረጋውያን ላይ ደግሞ ሥራው ደከም ብሎ ተገኝቷል።

ቡናማ ስብ ውፍረትን ይቀንስ ይሆናል የሚለው ተስፋ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪዎቹ ናንሲ ሮዝዌልና ማይክል ስቶክ፣ የሚያጓጓ ምግብ እየተሰጣቸው አብዝተው የበሉ አይጦች የተጠበቀውን ያህል እንዳልወፈሩና ቡናማ ስባቸው ኃይሉን እንዳቃጠለው ገለጹ። በ1997 ዩሲፒ-1 የሌላቸው አይጦች ሲፈጠሩ ግን ብርድ አልቋቋም ቢሉም አልወፈሩም፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆረጡ። እንቆቅልሹን የፈታው በ2009 የወጣ የስዊድን ጥናት ነው። የቤተ ሙከራ ክፍል ለሰው ቢመችም ለአይጥ ብርድ ነው፤ አይጦቹ ሙቀታቸውን ለመጠበቅ በሌላ መንገድ ኃይል ያባክኑ ነበር። በ30 ዲግሪ ሲቀመጡ ወፈሩ።

በሰው ላይ ያለው ስሌት ግን ብዙም አያበረታታም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። የአዋቂ ሰው ቡናማ ስብ ሲነቃ በቀን 20 ኪሎ ካሎሪ ቢያቃጥል፣ አንዳንድ ልኬቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሠርቶ አንድ ኪሎ አይሞላም። ብርድ የምግብ ፍላጎት መቀስቀሱ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ነው፤ አንጎል በማሞቂያው የወጣውን ከማዕድ ለመመለስ ይሞክራል። በጃፓን በቀን ለሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንታት በ17 ዲግሪ የቆዩ ሰዎች ጥቂት ስብ ቀንሰዋል። ይህን በየቀኑ የሚታገሥ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በመድኃኒት ማንቃቱም ተሞክሯል። ለፊኛ ሕመም የሚሰጠው ሚራቤግሮን ቤታ-3 ተቀባይን ያነቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለ12 ጤናማ ወጣት ወንዶች 200 ሚሊግራም፣ ማለትም ከተለመደው መጠን አራት እጥፍ ሲሰጥ፣ በዕረፍት ላይ የሚቃጠለው ኃይል በቀን ስሌት በ203 ኪሎ ካሎሪ ጨመረ፤ አብሮ ግን የልብ ምትና የደም ግፊት ጨመረ። በ2020 በ14 ሴቶች ላይ 100 ሚሊግራም ለአራት ሳምንታት ተሞክሮ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ሲሻሻል ክብደታቸው አልቀነሰም። በሰው ቡናማ ስብ ላይ ዋናው ተቀባይ ቤታ-3 ነው ወይስ ቤታ-2 የሚለው ክርክርም አልተቋጨም።

ማስተንፈሻውን በመላ ሰውነት መክፈት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ታሪክ አስቀድሞ አሳይቷል። ዲኤንፒ የተባለው ኬሚካል በ1930ዎቹ በአሜሪካ የማክሻ መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ፤ የማንኛውንም ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ ያለ ዩሲፒ-1 ያስተነፍሳል። ሰዎች ከሱ፤ ነገር ግን ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ፣ ሰውነታቸው ግሎ የሞቱም ነበሩ፤ በ1938 ታገደ። ሆኖም እስከ ዛሬ በኢንተርኔት ይቸበቸባል፤ ሰውም ይገድላል። በአንጻሩ በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲንና የቡና ካፌይን ይህን ስብ በጥቂቱ እንደሚያነቁ የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ውጤታቸው ትንሽ ነው፤ ቡናና ቁሌት የሚያከሱ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ወፍራም ባልተገኘ ነበር።

የቡናማ ስብ ጥቅም ከክብደት ይልቅ በደም ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ነዳጁን ለመሙላት ስኳርና ስብ ከደም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ52,000 በላይ ሰዎችን የዳሰሰ የአሜሪካ ጥናት፣ ቡናማ ስባቸው በምስል የታየ ሰዎች ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታና የልብ ደም ሥር በሽታ የሚገኝባቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳየ፤ ልዩነቱ በወፍራሞቹ ዘንድም ጎልቶ ታየ። ይህ ግንኙነት እንጂ የምክንያት ማረጋገጫ አይደለም። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምተኞችን ለአሥር ቀናት መጠነኛ ብርድ ሲያለማምዱ ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ በ43 በመቶ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ስኳሩን በብዛት የወሰደው ጡንቻ እንጂ ቡናማ ስብ አልነበረም።

አዲሱ መንገድ ሕዋሱን ራሱን መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቦስተን የሰው ነጭ ስብ ጀማሪ ሕዋሶች ክሪስፐር በተባለው የጂን ማስተካከያ ዘዴ ተስተካክለው ዩሲፒ-1 እንዲያመርቱ ተደረገ፤ ለአይጦች ሲተከሉም ቅባት የበዛበት ምግብ ከሚያመጣው ውፍረት ጠበቋቸው። ወደ ሰው ለመሻገር የተተከሉት ሕዋሶች የደም ሥር ማግኘት፣ በሰውነት አለመገፋትና ለሰው የሚበቃ ብዛት መኖር ይጠበቅባቸዋል።