የኒው ዮርክ የቡና ዋጋ ወደ ግራፍ ሲገለበጥ ሰዓቱ እንዳይዛባ

ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚዋዋሉት የኒው ዮርክን ገበያ ዋጋ መነሻ በማድረግ ነው። በዚያ ገበያ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ስለ ሆነ፥ በፓውንድ የአንድ ሳንቲም ልዩነት 375 ዶላር ያህላል። ስለዚህ ገዢው «በዚህ ሰዓት በዚህ ዋጋ ቆርጫለሁ» ብሎ በላከ ጊዜ ላኪው ቃሉን ከገበያው መዝገብ ጋር ማስተያየት ይገባዋል።

ይህ መዝገብ በፋይል ሲመጣ እያንዳንዱ ግብይት የተፈጸመበት ጊዜ ከዋጋው ጎን ተጽፎ ይገኛል። በብዙ መዝገቦችም ጊዜው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ሲቆጠር 16 አኃዝ፥ በቢሊዮንኛ ሲቆጠር 19 አኃዝ ይሆናል። በየቢሮው የሚሠራበት ኤክሴል ግን ከአንድ ቁጥር የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው። ባለ 19 አኃዙን መዝገብ እንደ ተራ ቁጥር የከፈተ ጸሐፊ የመጨረሻዎቹን 4 አኃዞች ዜሮ ሆነው ያገኛቸዋል፤ በዚያው ስም መልሶ ካስቀመጠውም የጠፋው አይመለስም። በአንድ ቅጽበት የተከታተሉ ግብይቶችም ጊዜያቸው አንድ ይሆንና ተራቸው ሊደበላለቅ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ሲገባ የጊዜው ዓምድ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ብሎ መወሰንና ዋናውን ቅጅ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር፥ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ የሚጠቅመው በኮምፒዩተር ፍጥነት ለሚነግዱት እንጂ ለቡና ላኪ አይደለም። ላኪውን ይበልጥ የሚጎዳው የሙሉ ሰዓት ስሕተት ነው። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ፊት፥ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እኛ ግን አንለውጥም። በኒው ዮርክ ጧት 9 ሰዓት የተፈጸመ ግብይት በሐምሌ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት፥ በጥር ግን 11 ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ 7 ሰዓት እየደመረ ግራፍ የሚሠራ ቤት በክረምታቸው ወራት ከገዢው ጋር በከንቱ ይከራከራል። ስለዚህ መዝገቡን በግሪኒች ሰዓት ጠብቆ፥ ወደ አገራችን አቆጣጠር መለወጡን ለተጠናቀቀው ግራፍ ብቻ መተው ይሻላል።

ግራፉ መቅናቱን ለማወቅ ከማርች ለውጥ በፊት አንድ ቀን፥ ከለውጡም በኋላ አንድ ቀን መርጦ፥ የዕለቱን የመጀመሪያ ግብይት ገበያው ካስታወቀው የመክፈቻ ሰዓት ጋር ማስተያየት ይበቃል።