የሚመርጥ ገለፈት

በ1831 የፊላዴልፊያው ሐኪም ጆን ሚቸል የጎማ ፊኛዎችን በተለያዩ ጋዞች ሞልቶ ሲጠባበቅ፣ እያደር ሟሸሹ። ፍጥነታቸው ግን ለየቅል ነበር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላው ፈጥኖ ሟሸሸ። ጎማው አልተቀደደም። ነገሩን በ1866 ያብራራው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግሬም ነው፦ ጋዙ መጀመሪያ ጎማው ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ በውስጡ እየተሹለከለከ በወዲያኛው ገጽ ይወጣል። ስለዚህ የሞለኪውሉ ትንሽነት ብቻውን አይበቃም፤ መሟሟትም አለበት።

ዛሬ በዚሁ መንገድ ባዮጋዝ ይጣራል። ከፖሊመር፣ ማለትም እንደ ጎማ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ከተሠራ ቁስ፣ የተበጀ ስስ ገለፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አሳልፎ ሜቴኑን ያስቀራል፤ የሚፈልገውም ግፊት እንጂ እሳት አይደለም።

ችግሩ ፖሊመር ሁለት ነገር አንድ ላይ አለመስጠቱ ነው። ብዙ የሚያሳልፈው አይመርጥም፤ አጥብቆ የሚመርጠው አያሳልፍም። ሎይድ ሮብሰን በ1991 የበርካታ ፖሊመሮችን ልኬት በአንድ ግራፍ ላይ ሲያኖር፣ ሊያልፉት ያቃታቸው መስመር ጎልቶ ወጣ። በ2008 መስመሩ ትንሽ ከፍ አለ፤ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ማዕድን ይገባል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ስፋት 0.33 ናኖሜትር፣ የሜቴን 0.38 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህን ጥቃቅን ልዩነት ዜኦላይት የተባለው ማዕድን ቀዳዳ ይለየዋል፤ ልኩን የሚወስነው ክሪስታሉ ስለሆነ እንደ ፖሊመር ሰንሰለት አይወዛወዝም። ብቻውን በሰፊው ልሥራው ቢሉ ግን ተሰባሪና ውድ ነው። እናም ዱቄቱ ፖሊመር ውስጥ ይበተናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ መገናኛው ላይ ነው። ጭዱ ከጭቃው ጋር በደንብ ካልተረገጠ ምርጊቱ እንደሚሰነጠቅ፣ ግትር ፖሊመርም የተሟሟበት ፈሳሽ ተንኖ ሲኮማተር ከቅንጣቱ ይላቀቃል። ጋዝ ደግሞ ቀላሉን መንገድ አይስትም፤ ቀዳዳውን ትቶ በክፍተቱ ይነጉዳል፤ ምርጫም ይቀራል። በተቃራኒው ፖሊመሩ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ይደፍነዋል። ብረትንና ኦርጋኒክ ሞለኪውልን አጣምረው የሚሠሩት እንደ ዚፍ-8 ያሉ መሙያዎች ተወዳጅ የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል፤ ከፊል አካላቸው ለፖሊመሩ ባዳ አይደለም።

ቀዳዳ የሌለው መሙያም አለ። በ2002 የታተመ ጥናት የሲሊካ ብናኝ ግትር ሰንሰለት ባለው ፖሊመር ውስጥ ሲበተን፣ ሰንሰለቶቹን ገፋ አድርጎ ማሳለፉንም ቡቴንን ከሜቴን መለየቱንም እንዳሻሻለ አሳይቷል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚለካው ገለፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ነው። የፋብሪካው መራጭ ንብር ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ይሳሳል፤ ከዚያ የሚተልቅ ቅንጣት ደግሞ ንብሩን ይበሳዋል።