ድልድዩ ከመነደፉ በፊት፦ ውሳኔ ደጋፊ ሶፍትዌር የሚነግረንና የማይነግረን



ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ዓባይን በሚሻገርበት ስፍራ ሁለት ድልድዮች ተሠርተዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተገነባ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ነው። አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንገዱ አስቀድሞ ወደዚያ ወርዷል። አንድ ጊዜ የተመረጠ መሻገሪያ ከድልድዩ ዕድሜ በላይ ይዘልቃል።

የዛሬው ገለጻዬ በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ያተኩራል። በቅድመ ዕቅድ ወቅት የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱ ነው፤ የሚወሰነው ጉዳይ ግን ብዙ ነው። መሻገሪያው የት ይሁን? ምሰሶ ወንዙ ውስጥ ይቁም ወይስ አይቁም? ኮንክሪት ይሻላል ወይስ ብረት? እነዚህን የምንመልሰው መረጃ ገና ባልተሟላበት ሰዓት ነው። ውሳኔ ደጋፊ ሶፍትዌር የሚያስፈልገንም እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። አማራጮችንና መስፈርቶችን እንዘረዝራለን፤ ለየመስፈርቱ ክብደት፣ ለየአማራጩ ነጥብ እንሰጣለን፤ ሶፍትዌሩ አባዝቶ ይደምራል። ክብደቱን ለማውጣት በሰፊው የሚሠራበት ቶማስ ሳቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት ዘዴ ነው። ዘዴው መስፈርቶችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ያነጻጽራል። ፍርዳችን እርስ በርሱ የሚጋጭበት መጠን ከ0.1 ካለፈም ዳግም እንድንመረምረው ያሳስበናል።

ለማስረጃ ያህል አንድ ምሳሌ ልስጥ። አማራጭ «ሀ» ምሰሶዎቹ ወንዙ ውስጥ የሚቆሙ ርካሽ ድልድይ ነው፤ በወጪ 8፣ ጎርፍን በመቋቋም 4፣ በጥገና 6 ነጥብ አግኝቷል። አማራጭ «ለ» ወንዙን ያለ ምሰሶ ይሻገራል፤ በወጪ 5፣ በጎርፍ 9፣ በጥገና 6 አግኝቷል። ክብደቱን ለወጪ 60፣ ለጎርፍ 20፣ ለጥገና 20 በመቶ ብናደርገው «ሀ» በ6.8 ለ6.0 ይበልጣል። ለወጪና ለጎርፍ እኩል 40 በመቶ ብንሰጥ ደግሞ «ለ» በዚያው ልዩነት ይቀድማል። የወጪው ክብደት 50፣ የጎርፉ 30 ሲሆን ሁለቱም 6.4 ላይ ይገናኛሉ። እንግዲህ ከ6.8 ይልቅ ሊያነጋግረን የሚገባው ይህ መገናኛ ነጥብ ነው። ክርክራችን በእርግጥ ስለምን እንደሆነ የሚያሳየን እርሱ ነውና።

ከዓመታት በፊት በተሳተፍሁበት አንድ ጥናት የጎርፉን ነጥብ የሰጠነው ቢሮ ተቀምጠን፣ ከጥቂት ዓመታት መዝገብ በመነሣት ነበር። በኋላ ወንዙ ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ውኃው የደረሰበትን ቋጥኝ አሳዩን፤ ከግምታችን እጅግ ከፍ ይል ነበር። ነጥቡን ስናርም የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ሶፍትዌሩ ሒሳቡን አልሳተም፤ ያልነገርነውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የምሰሶ መሠረት በውኃ መሸርሸር በዓለም ዙሪያ ድልድዮችን ከሚጥሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ስታስቡ፣ ያቺ አንዲት ነጥብ ምን እንደተሸከመች ትረዳላችሁ።

ከዚህ የከፋው ግን አስቀድሞ የተመረጠን አማራጭ አሸናፊ ለማድረግ ክብደቱን መቀያየር ነው። ያን ጊዜ መሣሪያው የውሳኔ ደጋፊ መሆኑ ይቀርና የውሳኔ መሸፈኛ ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ክብደቱን ነጥቡን ከማየታችሁ በፊት ጽፋችሁ ፈርሙበት። ነጥቡን ከመሙላታችሁ በፊት ወንዙ ድረስ ውረዱ፤ ነዋሪውንም ጠይቁ። ውጤቱን ስታቀርቡ ደግሞ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን፣ ምን ቢለወጥ ሊሸነፍ እንደሚችልም አብራችሁ ጻፉ። ድልድዩ በጎርፍ ሲፈተን የሚጠየቀው የፈረመው መሐንዲስ እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።