ቀለሙን ልጁ ይምረጥ

በወላይታዋ ቦምቤም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የሚበላውንም የሚለብሰውንም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ይመርጥለታል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይግባ ወይስ ከሰው መሐል ይቀመጥ የሚለውንም እንዲሁ። አሳታፊ ኪነጥበብ የሚባለው አሠራር ከዚህ ልማድ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ይጋጫል። ቀለም፣ ክር፣ ጭቃ፣ ከበሮ ይቀርባል፤ የሚያነሣው ልጁ ነው። አመቻቹ ወረቀቱን አጥብቆ ይይዝለታል እንጂ እጁን ይዞ አይሥልለትም። ልጁ ብሩሹን አስቀምጦ ከተነሣም በቅቶታል ማለት ነው።

ከተለመደው የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ሥራው ሲያልቅ ጎረቤት፣ መምህር፣ የሃይማኖት አባትና የቀበሌ አመራር ይጠራሉ፤ አስጎብኚው ራሱ ልጁ ነው። መናገር የሚከብደው በጣቱ ያሳያል፤ መጨፈር የሚወደው ይጨፍራል። ከዝግጅቱ የሚገኘው ሥዕሉ ወይም ጨርቁ ብቻ አይደለም። ልጁና ጎረቤቱ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሰዓትም ይገኛል፤ መገለልን የሚነካውም ይኸው ሰዓት ነው።

ዘዴዎቹ ከብዙ አገር የተለቃቀሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በቻይናዋ ዩናን ግዛት ለገጠር ሴቶች ካሜራ አድለው ኑሯቸውን ራሳቸው በፎቶ እንዲያሳዩ አደረጉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ሰፊ ወረቀት ላይ ተኝተው የሰውነታቸው ቅርጽ ከተነደፈ በኋላ፣ ያሳለፉትን በቅርጹ ውስጥ በቀለም አሰፈሩ። ሁለቱም ማንበብና መጻፍ አይጠይቁም። ቃላት ለሚያጥሩት ልጅ የሚስማሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

መገለሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይጠቁማል። ጥናቱ በአዲስ አበባ የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን አነጋግሯል። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። የችግሩን መነሻ ሲጠየቁም የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጎን ለጎን አንሥተዋል። ልጁ ከሰው ዓይን በራቀ ቁጥር ደግሞ ስለእሱ የሚወራውን የሚያስተባብል ነገር አይገኝም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መገናኘት ብቻውን ጥላቻን እንደማይሽር አስረድቷል። ሰዎቹ በእኩልነት መገናኘት፣ የጋራ ግብ ይዘው አብረው መሥራት፣ ከኃላፊዎችም ድጋፍ ማግኘት አለባቸው። ልብስ ሊለግስ የመጣ ሰውና ተቀባዩ ልጅ ተገናኝተዋል፤ እኩል ግን አይደሉም። አንድ ጨርቅ ላይ ከግራና ከቀኝ ሆነው ቀለም ሲቀቡ ነገሩ ይለወጣል፤ እንግዳው እንዲያውም ከልጁ ሊማር ይችላል።

የጁዲት ስኮት ሕይወት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ከዳውን ሲንድረም ጋር ተወለደች። መስማት እንደማትችል ለረጅም ጊዜ ማንም ሳይረዳ ቀርቶ፣ በሰባት ዓመቷ ገብታ ለአሥርት ዓመታት በማቆያ ተቋማት ኖረች። መንትያ እህቷ ወደ ካሊፎርኒያ ከወሰደቻት በኋላ፣ በ1987 በኦክላንድ ከተማ በ1974 የተመሠረተውን ክሪየቲቭ ግሮውዝ የተባለ የጥበብ ማዕከል ተቀላቀለች። መጀመሪያ ሥዕሉ ብዙም አልሳባትም። ክር ስታገኝ ግን ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ በክር እየጠቀለለች ትልልቅ ቅርጾች መሥራት ጀመረች። በ2005 ስታርፍ ሥራዎቿ በታላላቅ ሙዚየሞች የሚፈለጉ ነበሩ። ማዕከሉ ምን እንደምትሠራ አልነገራትም፤ የምትመርጠውን አቀረበላት፣ ጊዜም ሰጣት።

በአገራችንም መንገዱ የተጀመረ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ ቤት ተዘግቶባቸው የቆዩ ልጆችን ወደ አደባባይ በማውጣት ስለኦቲዝም የሚነገረውን ለወጠ። በጭፈራው በኩል፣ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በ1990ዎቹ ከጎዳና ልጆች ጋር ከጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለው ቡድን ተወለደ። በኋላም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከሌሎች ጋር በአንድ መድረክ የሚጨፍሩበት አዱኛ ፖቴንሺያልስ ተከተለ። ይህኛው በአካል ጉዳት ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ ተመልካቹ ሊያዝን መጥቶ ጭፈራ አይቶ ይመለስ ነበር።

ወላይታ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቁሳቁስ አያጣም። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው የዱንጉዛ ጨርቅ አለ፤ በመስከረም የሚከበረው፣ የተጣላ የሚታረቅበት የጊፋታ በዓል አለ። ቁሳቁሱ ግን የራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል። በአካባቢው ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ራሳቸው ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። ለተገለለ ልጅ ጭቃ ብቻ ማቅረብ፣ ሳይታሰብ አንዱን መገለል በሌላው ላይ መደረብ ሊሆን ይችላል። የእጅ ባለሙያዋ በመምህርነት ተከብራ ከተጋበዘች ግን አንዱ ዝግጅት ሁለቱንም ይነካል። ወላይታ በበሽታ የተገለሉ ሰዎችን መልሶ የማቅረብ ልምድም አለው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውና ሰውን ከጋብቻና ከማኅበር ያስወጣ የነበረው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በሶዶና በዙሪያዋ በእጥበት፣ በጫማና በትምህርት ለዓመታት ተሠርቶበታል።

አሠራሩ የሚበላሽባቸው መንገዶችም ይታወቃሉ። አመቻቹ "ይመርበት" ብሎ ሥዕሉን ከጨረሰው ሥራው የልጁ መሆኑ ያከትማል። የልጁ ፎቶ ያለፈቃድ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ከተለጠፈ ቤተሰቡ ዳግም ይሸማቀቃል። የአንድ ቀን ትርዒትም አስጨብጭቦ ይረሳል። ስለዚህ ውጤቱ በጭብጨባ አይለካም። የሚታየው ከወራት በኋላ ልጁ ሰርግ ላይ ይገኝ እንደሆነ፣ የሰፈር ልጆች ለጨዋታ ይጠሩት እንደሆነ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ30ኛ አንቀጹ መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታ እንዲዳብር ዕድል እንዲሰጡ ያዛል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውም በዚህ ውስጥ ናቸው። ለቦምቤ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅዳሜ ባዶ የሚውል የመማሪያ ክፍል፣ ክርና ቀለም፣ አንድ ሸማኔ፣ ቤተሰቦቹን በስም የሚያውቁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመስከረም ምዝገባ እነዚያን ልጆች ከበር የማይመልስ ርእሰ መምህር ያስፈልጋል።